አል-ቢሩኒ፦ የምድርን ዕድሜ በቁጥር ያልወሰነው ዓሊም



ፍሬሽ ላይ ሁላችንም የምንወስደው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ኮርስ አለ። ትምህርቱ ገና ከመጀመሩ ምድር ወደ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት ይነግረናል። ማታ ዶርም ስንገባ ነገሩ ክርክር ይሆናል። የኦርቶዶክስ ጓደኛችን በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ዓለም ከተፈጠረ 7500 ዓመት ከጥቂት እንደሆነው ያስረዳል። ፕሮቴስታንቱ 6000 ይላል። ከእኛው ልጆች አንዱ 7000 የሚል ነገር ከኪታብ ሲነበብ ሰምቻለሁ ይላል፤ ሌላው ሳይንስ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ ቁርኣን ቀድሞ ተናግሮታል የሚል ፖስት ከስልኩ ያወጣል። አልጋው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ አንድ ፍሬሽም አይጠፋም። ፈተና ላይ 4.6 ቢሊዮን የሚለውን መልስ ማክበብ ኢማኑን የሚነካበት ይመስለዋል። ከዐስር ሶላት በኋላ ቀስ ብሎ መጥቶ የሚጠይቀን እሱ ነው።

ፈትዋ መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም፤ ለዚያ ዑለማዎቻችን አሉ፤ አላህ ያቆይልን። እኛ ይኸው ጥያቄ ከ1000 ዓመት በፊት የገጠመውን የአንድ ሙስሊም ሊቅ ሕይወት እንተርካለን። ስሙን ብዙዎቻችን የምናውቀው የምድርን ስፋት ለካ ከምትለዋ አንዲት መስመር ጋር ነው። የቀረው ታሪኩ ግን ለዶርሙ ክርክር የበለጠ ይቀርባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ፣ በ973 መሆኑ ነው፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር፣ በኸዋሪዝም ግዛት ካስ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። አልጎሪዝም የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ አገር ስም፣ ከአል-ኸዋሪዝሚ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ልብ በሉ። ቢሩኒን ሒሳብና የከዋክብት ጥናት ያስተማረው አቡ ነስር መንሱር የሚባል፣ ከገዢው ቤተሰብ የተወለደ ሊቅ ነበር። ተማሪውና አስተማሪው እስከ እርጅና ድረስ አልተለያዩም ማለት ይቻላል፤ አቡ ነስር በኋላ በስሙ ብዙ ሪሳላዎችን ጽፎለታል።

ካስ ዛሬ አሙ ዳርያ በሚባለው በጀይሑን ወንዝ ዳር የተሠራች ከተማ ነበረች። ከ10 ማይል ርቀት የሚታይ አል-ፊር የተባለ ምሽግ ነበራት። ወንዙ በየዓመቱ ከምሽጉ እየቦጨቀ ወሰደና በ994፣ ቢሩኒ የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ አንድም የቀረ ነገር አልነበረም። ይህን ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ጎሊና ወይም ሆርማት ሞልቶ የማሽላ ማሳ ከነአፈሩ ሲወስድ ያየ የቆቦ ልጅ ይህ ትዕይንት በአንድ ወጣት አእምሮ ላይ ምን እንደሚተው ያውቃል። ጸንቶ የሚኖር የሚመስለው መሬት ራሱ ይሄዳል።

በዓመቱ ጦርነት መጣ። የጉርጋንጁ ገዢ የካስን ሥርወ መንግሥት ገለበጠ፤ ቢሩኒም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በአንዱ ገዢ ጥላ ሥር መጠለል፣ ያ ገዢ ሲወድቅ ወደ ሌላው መሄድ ነበር። በዚህ መሐል ሥራውን አላቆመም። በ997 በካስ ሆኖ የጨረቃ ግርዶሽ ሲመለከት፣ በቀጠሮ ያንኑ ግርዶሽ አቡል ወፋ የተባለው ሊቅ ባግዳድ ሆኖ ይመለከት ነበር። ግርዶሹ የታየበትን የየአገሩን ሰዓት አነጻጽረው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት አወጡ። ስልክ በሌለበት ዘመን በሁለት አገር የተሠራ አንድ ሙከራ ነው።

ከዚያ በካስፒያን ባሕር አቅራቢያ ባለችው በጉርጋን፣ በአሚር ቃቡስ ዘንድ ተቀመጠ። በ1000 ገደማ፣ በ27 ዓመቱ አካባቢ፣ አል-አሣሩል ባቂያ የተባለውን ትልቅ ኪታቡን እዚያ ጻፈ። የዶርማችን ክርክር ከነሙሉ ቁጥሮቹ ያለው በዚህ ኪታብ ውስጥ ነው።

ኪታቡ ሕዝቦች ዘመንን እንዴት እንደሚቆጥሩ የሚመረምር ነው፦ የዐረቦች፣ የፋርሶች፣ የአይሁዶች፣ የክርስቲያኖች፣ የግብጽ ቅብጦች፣ የሶግዲያናውያን። ቢሩኒ ዓለም መቼ ተፈጠረ የሚለው ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ወገን ምን እንደሚል በየራሱ መጽሐፍ አስቀመጠ። ፋርሶች የዓለምን ጠቅላላ ዕድሜ 12000 ዓመት ያደርጉታል። በአይሁዶች ቆጠራ ከአደም (ዐ.ሰ) እስከ አሌክሳንደር ዘመን 3448 ዓመት ነው። በክርስቲያኖች ቆጠራ ግን 5180 ነው።

እዚህ ላይ እስክሪብቶ አንስተን ደመርን። የአሌክሳንደር ዘመን የሚባለው ቆጠራ ከዒሳ (ዐ.ሰ) በፊት በ312 ዓመት ገደማ ይጀምራል። 5180 ላይ 312 ስንጨምር 5492 ይመጣል፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጥሩት 5500 ዓመት ማለት ይቻላል እሱው ነው። ዓመተ ዓለም የሚሉት 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረው ነው፤ ለምሳሌ 2017 ዓ.ም 7517 ይሆናል። 3448 ላይ 312 ብንጨምር ደግሞ 3760 ይመጣል፤ አይሁዶች ዛሬም የዘመን መቁጠሪያቸውን የሚጀምሩት ከዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ዶርም ውስጥ የምንሰማቸው ቁጥሮች ቢሩኒ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ናቸው። የአገራችን ሊቃውንት የሚጠቅሱት የአቡ ሻክር የዘመን ኪታብም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጽ ውስጥ በዐረብኛ ተጽፎ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። ጉዳዩ ከሩቅ የመጣ ሳይሆን ከቤታችን አጠገብ ያለ ነው።

ቢሩኒ በእነዚህ ቁጥሮች አልተሳለቀም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ፈለገ። አይሁዶች፣ ክርስቲያኖችና ሳምራውያን የያዟቸው የተውራት ቅጂዎች አንዱ አባት ስንት ዓመቱ ሲሆን ልጁን ወለደ በሚለው ላይ እንደሚለያዩ አየ። ከአንድ ነቢይ የመጣ መጽሐፍ ሦስት የተለያየ ድምር ከሰጠ፣ ስህተቱ የገባው ከሰው እጅ፣ ከገልባጭና ከቆጣሪ ነው። ከሩቅ ዘመን የተወራው ሁሉ ከተረት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ፣ የታመነ መጽሐፍ ወይም የተረጋገጠ ዘገባ ካልደገፈው በቀር በቁጥር መቁረጥ እንደማይገባ ደመደመ።

የራሳችንም ቤት ከዚህ አልነጻም። በ923 የሞቱት ታላቁ ኢማም አጥ-ጦበሪ በታሪክ ኪታባቸው ዘገባዎችን አሰባስበው የዓለምን ጠቅላላ ዕድሜ 7000 ዓመት ወደሚለው አዘንብለዋል፤ ከዚያ ውስጥ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ የቀረው 500 ዓመት ገደማ ነበር። 500ው ዓመት ካለፈ ብዙ ቆይቷል። የቢሩኒ የዘመን እኩያ የሆኑት የአንዳሉሱ ኢብን ሐዝም ደግሞ፣ ለዚህ ጉዳይ 7000 ነው ወይም ከዚያ ይበልጣል ያንሳልም ብሎ የሚቆርጥ ሰው ከመልክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) የተረጋገጠ ምንም ማስረጃ እንደሌለው ጽፈዋል። ዓለሙ ዳርና ዳር ሳይተዋወቁ ሁለት ሙስሊም ሊቃውንት አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል። ቁርኣኑ ስለ ስድስት ቀናት ይናገራል፤ በሱረቱል ሐጅና በሱረቱል መዓሪጅ ግን ከእኛ ቆጠራ 1000 ዓመትና 50000 ዓመት የሚያክል ቀን ተጠቅሷል፤ ሙፈሲሮችም በቀናቱ ርዝመት ተለያይተዋል። የዓመት ድምር የትም አልተሰጠንም።

ቢሩኒ ከሌላውም ጫፍ ጋር ተጋጭቷል። በዚያው ሰሞን ከእሱ በሰባት ዓመት የሚያንስ አንድ ብሩህ ወጣት ቡኻራ ውስጥ ስሙ መጠራት ጀምሮ ነበር፤ ኢብን ሲና። ቢሩኒ በአርስጣጣሊስ ፍልስፍና ላይ 18 ጥያቄዎችን ላከለት። አርስጣጣሊስ ዓለም መጀመሪያ የላትም፣ ሁልጊዜ ነበረች ባይ ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ፣ የቀደሙት ሰዎች ሰማይን እኛ ዛሬ እንደምናየው አድርገው ስለገለጹት አይለወጥም የሚል ነው። ቢሩኒ ይህን አልተቀበለም። ተራሮችንም የቀደሙት ሰዎች ዛሬ እንደምናያቸው ገልጸዋቸዋል፤ ተራሮች ግን ይለወጣሉ። የሰው ትዝታ አጭር መሆኑ የነገሩን ዘላለማዊነት አያስረዳም። ኢብን ሲናም መለሰ፤ ምልልሱ እየጋለ ሄደና በመጨረሻ መልሱን የጻፈው አል-መዕሱሚ የሚባል ተማሪው ሆነ። የቃላት ልውውጡ አንዳንድ ቦታ ላይ ለስላሳ አልነበረም። ሊቃውንትም ይናደዳሉ።

እንግዲህ ቢሩኒ ዓለም ፈጣሪ እንዳላትና መጀመሪያ እንዳላት ያምናል፤ ያ መጀመሪያ በ5180 ወይም በ7000 ዓመት ይለካል የሚለውን ግን አይቀበልም። ይህ መካከለኛ ቦታ ባዶ ሜዳ እንዳልሆነ ያሳየው በኋለኛው ሥራው ነው።

በ1004 አካባቢ ወደ ኸዋሪዝም ተመልሶ በገዢው አማካሪነት ቆየ። በ1017 ገዢው በገዛ ወታደሮቹ ተገደለ፤ የገዝናው ሱልጣን መሕሙድ አገሩን ያዘና ሊቃውንቱን ሰብስቦ ዛሬ አፍጋኒስታን ወደምትባለው ወሰዳቸው። ቢሩኒ በ44 ዓመቱ ገዝና ገባ፤ እንግዳ ይሁን ምርኮኛ ለመለየት የሚያስቸግር ኑሮ ነበር። በዓመቱ፣ በ1018፣ ካቡል አጠገብ በአንድ መንደር ሆኖ የቦታውን ኬክሮስ መለካት ፈለገ፤ አንድም መሣሪያ አልነበረውም። የሒሳብ ሰሌዳውን ገልብጦ በጀርባው ላይ ቅስት ሣለና ዲግሪዎቹን ከፋፍሎ የፀሐይን ከፍታ ለካ። በሉሕ ላይ ቀርተን ያደግን ልጆች ያቺ ሰሌዳ ቶሎ ትታየናለች። ላብራቶሪያችን መሣሪያ የለውም እያልን ለምናማርረውም እንዲሁ።

ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው የናንዳና ምሽግ ደግሞ ዝነኛውን ልኬቱን ሠራ። ሜዳው ላይ ለጥ ብሎ ከተነሣ ተራራ አናት ላይ ሆኖ አድማሱ ከአግድም መስመር ስንት ዝቅ እንደሚል ለካ፤ 34 ደቂቃ ሆነ፤ ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል ግማሹን ማለት ነው። የተራራውን ከፍታ 652 ክንድ ከጥቂት አገኘ። ከፍታውን በአንግሉ ኮሳይን አባዝቶ፣ ከአንድ ላይ ያው ኮሳይን ሲቀነስ በሚቀረው አካፍሎ የምድር ሬዲየስ ወደ 12.8 ሚሊዮን ክንድ ነው አለ። ሰርቬይንግ የወሰደ ሁሉ ሊከተለው የሚችል ስሌት ነው። በካልኩሌተር ደግመን ስንሠራው ግን 13.3 ሚሊዮን ይመጣል፤ ልዩነቱ ኮሳይኑን በስልሳ ክፍልፋይ ሲያጠጋጋው የገባ ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ መጉበጡም ገና አልተሰላም። ከዘመናዊው ልኬት ጋር ይህን ያህል ፐርሰንት ይገጥማል የሚሉት ፖስቶች ሁሉ የሚንጠለጠሉት አንድ ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው በሚለው ላይ ነው። ቢሩኒን ለማክበር ፐርሰንት መጨመር አያስፈልግም፤ ዘዴው ራሱ ይበቃል።

ይህ ልኬት ከሚነገርባቸው ኪታቦቹ አንዱ ተሕዲድ ኒሃያቲል አማኪን ነው፤ በ1025 የተጠናቀቀ። ዓላማው የገዝናን ትክክለኛ ቦታና ቂብላዋን ማግኘት ነበር። ቢሩኒ ግን ስለ ቦታ ለመናገር ቦታው ራሱ እንደሚለወጥ መናገር ግድ ሆነበት። የዐረብ በረሃ በአንድ ወቅት ባሕር ነበር አለ፤ ማስረጃውም ጉድጓድና ኩሬ ሲቆፈር የአፈር፣ የአሸዋና የጠጠር ድርብርብ መውጣቱ፣ ድንጋይ ሲሰበርም ከውስጡ ዛጎልና የዓሣ አጥንት መገኘቱ ነው። ዓለም እንዴት እንደተፈጠረች ያየ ሰው የለም፤ የቀረን ምስክር ድንጋዩና ቅሪቱ ነው፤ እነዚህ የሚናገሩትም እጅግ ረጅም ዘመን ነው፤ ቁጥሩ ግን በእጃችን የለም። አቋሙ ይህ ነው።

በ1030 አካባቢ በጻፈው የሕንድ ኪታቡ ያንኑ ዓይን ወደ ሕንድ ሜዳ አዞረ። ከተራራው ሥር ወንዙ በሚናደድበት ቦታ ድንጋዩ ትልልቅና ድቡልቡል ነው። ከተራራው እየራቁ ሲሄዱ ያንሳል። ውኃው ሲረጋ ወደ ባሕሩ ሲጠጋ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳው ሁሉ ቀድሞ ባሕር ነበር፤ ወንዞች ደለል እያመጡ ሞሉት አለ።

ይህን አንቀጽ ስናነብ ራያ ቆላ መጣብን። ከቆቦ በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ መሐላቸው ለጥ ያለው ሜዳችን ነው። ከምዕራቡ ተራራ ሥር ወንዙ ወደ ሜዳ በሚወጣበት አፍ ላይ በሬ የሚያክል አለት ተኝቷል። ትንሽ ወረድ ሲሉ ድንጋዩ ጭንቅላት ያክላል፤ ከዚያ ጠጠር፤ ከዚያ አሸዋ፤ መሐል ሜዳ ላይ ማሽላው የሚበቅልበት ጥቁር ደለል። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ የሚያስተኛው ደለሉን ፈልጎ ነው። በአንድ ክረምት የሚተኛው ግን ስስ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ለመስኖ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙ አስር ሜትሮች ወርደውም ያው አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ተራ በተራ ይወጣባቸዋል። በየክረምቱ ስንት ይጨምራል ብሎ ማካፈል የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ 7000 ላይ መቆም ያቅተዋል። ያም የደለሉ ዕድሜ ብቻ ነው፤ ደለሉ የተሸረሸረበት የወሎ ተራራ ባዛልት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆነው ጂኦሎጂስቶች ለክተዋል። ከዞብል ማዶ በአፋር፣ ሐዳር ላይ ኅዳር 1967 ዓ.ም የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተሰጥቷታል። ወደ ሰሜን ራቅ ሲሉ አሞሌ በሚወጣበት በዳናክል ዝቅታ ዳር የባሕር ኮራል ደርቆ ቆሟል፤ ቢሩኒ በዐረብ በረሃ እንዳየው ዛጎል መሆኑ ነው።

ቢሩኒ ያልነበረው ሰዓት ነው፤ ድንጋዩ ረጅም ዘመን እንደሚል ያውቃል፣ ስንት እንደሚል ግን የሚያነብበት አልነበረውም። ሰዓቱ የተገኘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዩራኒየም ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ዋናው ዓይነት ግማሹ ለመለወጥ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ክሌር ፓተርሰን የተባለ ኬሚስት በ1956 ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ 4.55 ቢሊዮን ላይ ደረሰ፤ የኮርሳችን ቁጥር የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከሱ በፊት ሎርድ ኬልቪን የምድርን መቀዝቀዝ አስልቶ በ1862 ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ብሎ ነበር። ሳይንስም ሲሳሳት ቆይቶ ነው እዚህ የደረሰ። ቢሩኒ ራሱ ባሕር የሚቀያየረው የምድር የክብደት ማዕከል ስለሚዛወር ነው ብሎ ገምቷል፤ የዛሬ ጂኦሎጂ እንዲህ አይልም።

በሕንድ ኪታቡ ውስጥ ለፖስት ወዳጆች ማስጠንቀቂያ የሚሆን ሌላ ነገር አለ። ቢሩኒ ሳንስክሪት ተምሮ የሕንዶችን ቆጠራ ሲዘግብ ካልፓ የሚሉት ዘመን 4,320,000,000 ዓመት እንደሆነ አስፍሯል። ከ4.5 ቢሊዮን ጋር ምንኛ ይቀራረባል! ሆኖም አንድም ድንጋይ ተለክቶ የመጣ ቁጥር አይደለም። ቁጥር ስለተቀራረበ ብቻ መጽሐፍን እውነት የምናደርግ ከሆነ ከማን ጋር እንደምንሰለፍ እናስብበት።

ከሌላ ሕዝብ መማርን በተመለከተ አንድ ገጠመኝ ጽፏል። ለገዝና መስጊድ የሶላት ወቅት የሚያሳይ መሣሪያ ቢሠራም የመስጊዱ ሰው በሮማውያን ወራት የተከፋፈለ ነው ብሎ አልቀበልም አለ። ቢሩኒም እንግዲያው ሮማውያን ምግብ ስለሚበሉ አንተ መብላት ልትተው ነው ሲል መለሰለት። የሂጅራ ወር ከወቅት ወቅት ስለሚዞር ማሽላ የሚዘራበትን በኢትዮጵያ ወራት የሚቆጥሩት የራያ ሙስሊም አባቶች ይህን ሰው ቢያገኙት ይወዱት ነበር።

መሕሙድ ሞቶ ልጁ መስዑድ ሲነግሥ ትልቁን የሥነ ፈለክ ኪታቡን በስሙ ሰየመለት፤ አል-ቃኑን አል-መስዑዲ። ሱልጣኑ በዝሆን ጭነት ብር ቢልክለት አያስፈልገኝም ብሎ መለሰው ይባላል። በ60ዎቹ ዕድሜው የሥራዎቹን ዝርዝር ሲያወጣ ከ100 አልፈው ነበር፤ አብዛኛው ዛሬ ጠፍቷል።

የሞተው በ440 ሂጅራ፣ በ1048፣ በገዝና እንደሆነ ይነገራል። ያቁት የተባለው ጸሐፊ እንደዘገበው በመጨረሻ ሰዓቱ አንድ ፈቂህ ሊጠይቀው ገባ። ነፍሱ እየተጨነቀች ሳለ ቢሩኒ አንድ ቀን ስለ ሴት አያቶች የውርስ ድርሻ የነገርከኝ እንዴት ነበር አለው። ፈቂሁ አዝኖለት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ ነው የምትጠይቀው ሲለው፣ ሳላውቀው ከምሄድ አውቄው ብሄድ አይሻልም ወይ የሚል መልስ ሰጠው። ፈቂሁ ጉዳዩን ደገመለት፤ ቢሩኒም በቃሉ ያዘው፤ በፊት ቃል የገባለትን ትምህርትም እሱ በተራው ነገረው። ፈቂሁ ተሰናብቶ ወጣ። መንገድ ላይ ሳለ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ረሒመሁላህ።